ስለ ዘሐራና ስለ ይመር ልብ ወለድ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ረቂቁን ደሴ ውስጥ ለልጆች ሳነብ፣ ለወላጆችና ለመምህራንም ሳውስ ሁሌ የሚመጡብኝን ጥያቄዎች ከቀላሉ ወደ ከባዱ አሰልፌአቸዋለሁ።

ልብ ወለዱ ስለ ምንድን ነው?

ዘሐራ የ11 ዓመት ልጅ ናት፤ አምስተኛ ክፍል። ወንድሟ ይመር 7 ዓመት ሞልቶታል፤ አይራመድም፣ ሲናገርም ቃሉ የሚገባው ለቤተሰቡ ብቻ ነው። ጦሳ ተራራ ሥር ባለ ዳገታማ ሰፈር ከእናታቸውና ከአያታቸው ጋር ይኖራሉ። አባታቸው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ስለሚሠራ የሚመጣው ቅዳሜ ማታ ነው። ይመርን አዝሎ ማውጣትና ማውረድ የዘሐራ ሥራ ነው። ታሪኩ ከሚያዝያ እስከ መስከረም ይዘልቃል፤ ይመር ለእህቱ ጀርባ መክበድ የጀመረበት ወራት ነው።

ትልቅ ጀብዱ የለውም። ሁለቱ ልጆች ግን አጥብቀው የሚፈልጉት ነገር አለ። ዘሐራ ለአንድ ቀን እንኳ ጀርባዋ ባዶ ሆኖ መጫወት ትፈልጋለች። ይመር ደግሞ አኩኩሉ ሲጫወቱ መደበቅ ይፈልጋል። ሁልጊዜ ደጃፍ ላይ ያስቀምጡትና «ነጋ!» እያለ ይጮኻል፤ ተደብቆ፣ ጠፍቶ፣ ተፈልጎ አያውቅም። የእሷ ምኞትና የእሱ ምኞት አንድ ቀን ይጋጫሉ።

ርዕሱ ምንድን ነው? የት ይገዛል?

ገና አልታተመም፤ በፎቶ ኮፒ ነው የሚዞረው። ርዕስም አልጸናለትም። ልጆቹ «አኩኩሉ» ይባል ይላሉ፣ እናቴ «የእህት ጀርባ» ትላለች፣ ወንድሜ ሁለቱንም አልወደደም።

ለስንት ዓመት ልጅ ይሆናል?

ራሱ ለሚያነብ ከ9 እስከ 13 ዓመት። ለ6 እና ለ7 ዓመት ልጆችም አንብቤላቸው አውቃለሁ፤ የከረሜላው ክፍል ላይ ይንከተከታሉ፣ ዘጠነኛው ምዕራፍ ላይ ግን ዝም ይላሉ። ለትንንሾቹ ያንን ምዕራፍ ከመኝታ በፊት አታንብቡላቸው። እኔ አንብቤላቸው እናቶቻቸው በነጋታው ወቅሰውኛል።

የይመር ሕመም ምንድን ነው? ይተላለፋል?

በመጽሐፉ ውስጥ ስሙ የሚነሳው አንዴ ብቻ ነው፦ ሴሬብራል ፓልሲ። አእምሮ ገና በማደግ ላይ ሳለ፣ በእርግዝና፣ በምጥ ወይም ከተወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ጊዜያት በሚደርስበት ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ያለ ጊዜ መወለድ፣ በምጥ ላይ የኦክስጅን እጥረት፣ ሳይታከም የቆየ የአራስ ልጅ ከባድ ቢጫነት፣ ማጅራት ገትር ከሚታወቁት መንስኤዎች ውስጥ ናቸው። የአንዱን ልጅ መንስኤ ለይቶ መናገር ግን ብዙ ጊዜ ይቸግራል። አይተላለፍም። አብሮት የበላ፣ አብሮት የተኛ፣ ለሃጩ የነካው ልጅ ምንም አይሆንም። ይህን ክፍል ውስጥ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው የምናገረው፤ እጁን ያወጣው አንድ ልጅ ቢሆንም መልሱን የሚጠብቁት አርባ ናቸው።

አእምሮ ላይ የደረሰው ጉዳት ከጊዜ ወደ ጊዜ እየሰፋ አይሄድም። ጡንቻና መገጣጠሚያ ግን ካልተንቀሳቀሱ ይኮማተራሉ። የይመር እናት ጠዋት ጠዋት እግሩን የምታሸውና የምትዘረጋጋው፣ ሲበላም ደግፋ ቀጥ አድርጋ የምታስቀምጠው ለዚህ ነው፤ ተጋድሞ የሚበላ ልጅ ምግቡ ትን ሊለው ይችላል።

ደግሞም መናገር ያቃተው ሁሉ ማሰብ አላቃተውም። ሴሬብራል ፓልሲ ካለባቸው ልጆች የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው አሉ፤ የሌለባቸውም ብዙ ናቸው። ይመር የለበትም። ዘሐራ የማባዣ ሰንጠረዥ ስትሸመድድ እየሰማ ከእሷ ቀድሞ ይይዘዋል። ዘሐራ ይህን ለማንም አትናገርም።

ታሪኩ የራስዎ ነው?

ግማሹ የእኔ ነው። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት ታናሽ ወንድም አለኝ፤ በ4 ዓመት እበልጠዋለሁ፤ 13 ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ አዝዬዋለሁ። የዘሐራ ሹራብ ግራ ትከሻው ሁልጊዜ እርጥብ ነው፤ ይመር አገጩን እዚያ ላይ ስለሚያሳርፍ። ክፍል ውስጥ «እርጥቧ» ይሏታል። ትከሻውም ስሙም የእኔ ነበሩ። አሁንም ዝናብ መቷት የመጣች ልጅ ሳይ እጄ ሳላውቀው ወደ ግራ ትከሻዬ ይሄዳል።

ሌላው ፈጠራ ነው። አባታችን ኮምቦልቻ አልሠራም፤ አያታችንም እንደ ዘሐራ አያት ምላሰኛ አልነበረችም። ወንድሜ እያንዳንዱን ምዕራፍ ሰምቷል፤ ሁለቱን አስወጥቶኛል። ፈቃዱን የጠየቅኩት ግን ሦስት ምዕራፍ ከጻፍኩ በኋላ ነው። ስለ ወንድማችሁ ወይም ስለ እህታችሁ ለመጻፍ ካሰባችሁ መጀመሪያ ጠይቁ። «ልጅ ስለሆነ አይገባውም» የሚባለው ለእኛ እንዲመቸን ነው።

ለምን ደሴ? አዲስ አበባ ቢሆን አንባቢ አይበዛም ነበር?

ይበዛ ይሆናል። ታሪኩ ግን ያለ ዳገት አይሆንም። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተራራ ሥር ተለጥፋ የተሠራች ከተማ ናት። ከአስፋልቱ ወጣ ካሉ ደረጃ ነው፣ ድንጋይ ነው፣ ክረምት ላይ ደግሞ ጭቃ ነው። ዊልቸር ተሰጥቶት ልብስ ማስቀመጫ ያደረገው ቤተሰብ አይቻለሁ። ሰነፎች ሆነው አይደለም፤ ከደጃፋቸው እስከ አስፋልቱ ጎማ የሚሽከረከርበት አንድ እርምጃ ሜዳ የለም። ባጃጅም እዚያ ድረስ አይወጣም። ስለዚህ የልጁ መኪና የእህቱ ጀርባ ነው። ጉም የወረደ ዕለት ደግሞ ሁለቱን ከሩቅ የሚያይ ሰው ሁለት ራስ ያለው አንድ ልጅ መስሎት ይደነግጣል፤ ይመር በዚህ ብዙ ይዝናናል።

ኮምቦልቻ ለታሪኩ ሌላኛው ጫፍ ናት። ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው፤ መንገዱ ግን እየተጠማዘዘ ከ600 ሜትር በላይ ይወርዳል፣ ጆሮ ይደፍናል፣ ጋቢ ለብሰው የተነሡት ሐራጎ ሳይደርሱ ያወልቁታል። በሰባተኛው ምዕራፍ አባትየው ይመርን ከነዊልቸሩ ሚኒባስ ላይ ጭኖ ይወስደዋል። ኮምቦልቻ ሜዳ ነው። ይመር በገዛ እጁ ጎማውን ገፍቶ ሃያ እርምጃ ያህል ይሄዳል፤ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው። አንባቢዎች ዘሐራ በደስታ የምታለቅስ ይመስላቸዋል። እሷ ግን ትፈራለች። ያለ እሷ መሄድ ከቻለ እሷ ምን ልትሆን ነው? ይህን ገጽ ሦስት ጊዜ ጽፌዋለሁ፤ በሁለቱ አስደስቻት ነበር፤ ሁለቱም ውሸት ሆኑብኝ።

«አካል ጉዳተኛ» ማለት ነው የሚሻለው? ክፉ ቃላቱስ ለምን አልተሰረዙም?

በአደባባይ «አካል ጉዳተኛ» ደህና ቃል ነው፤ ሕጉም የሚጠቀመው እሱን ነው። «ማየት የተሳነው»፣ «መስማት የተሳናት» የሚሉትም ተለምደዋል። ዘሐራ ግን አንዱንም አትልም፤ «ወንድሜ» ነው የምትለው። ቤት ውስጥ ስም ያለው ሰው በጉዳቱ አይጠራም።

«ሽባ» የሚለው ቃል በመጽሐፉ ውስጥ ሦስት ጊዜ አለ፤ ሦስቱንም የሚናገሩት የሰፈር ሰዎች ናቸው። አንድ መምህር እንድሰርዘው ለመኑኝ። አልሰረዝኩም። ያንን ቃል መንገድ ላይ የሰማ ልጅ መጽሐፉ ውስጥ ካጣው «ይቺ ሴትዮ ሰፈራችንን አታውቀውም» ይላል። ተረትና ምሳሌያችንም ከዚህ የጸዳ አይደለም። «ዕውር ቢሸፍት ከጓሮ አያልፍ» እየተባለ ያደገ ሰው ዓይነ ስውር ጎረቤቱ ዩኒቨርሲቲ ገባ ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት ጥርጣሬ ነው። ተራኪዋ ዘሐራ ራሷ ግን እነዚህን ቃላት አንድም ጊዜ በራሷ አፍ አታወጣቸውም። ልጆች ይህን ልዩነት ከአዋቂ ቀድመው ያዩታል።

ከስድቡ ይልቅ እኔን የሚያስቸግረኝ «እኔን! እኔን!» ነው። ታክሲ መያዣው ጋ አንዲት ሴት ከንፈራቸውን እየመጠጡ ይመር ጭን ላይ አሥር ብር ይጥላሉ። ዘሐራ በቁጣ ልትመልስላቸው ትሮጣለች። ይመር ግን ብሩን ጨምድዶ ይዟል፤ ማንጎ ሊገዛበት ነው። እሷ ክብሩን ልታስጠብቅለት፣ እሱ ማንጎውን ሊበላ፣ መንገድ ላይ ይጣላሉ። ማን ልክ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ለምን በእህቱ አንደበት ተተረከ? ይመር ራሱ ለምን አይተርክም?

በጣም የምወደው ጥያቄ ነው፤ የሚጠይቁትም ብዙ ጊዜ አካል ጉዳተኛ የሆኑ አንባቢዎች ናቸው፤ በትንሹ ተቆጥተው። ልክ ናቸው። እህትና ወንድም የተረኩትን ብቻ ካነበብን ያ ልጅ ዕድሜውን ሙሉ የሌላ ሰው ታሪክ ማድመቂያ ሆኖ ይቀራል።

እኔ ግን የጻፍኩት ስለ ማስተርጎም ነው። ይመር ሲናገር የውጭ ሰው ስለማይገባው ዘሐራ ታስተረጉማለች። ማጭበርበር የምትጀምረውም እዚያ ላይ ነው። ሱቅ ሄደው «ምን ይፈልጋል?» ሲባሉ ይመር «ማንጎ» ይላል፤ ዘሐራ «ከረሜላ ነው ያለው» ትላለች፣ ከረሜላ የምትወደው እሷ ናትና። ጎረቤት «ደህና ነህ?» ሲለው የሰጠውን ረጅም መልስ «ደህና ነኝ ይላል» ብላ ትቆርጠዋለች። አንባቢው ይመርን የሚሰማው በእሷ በኩል ብቻ ስለሆነ እስከ ስድስተኛው ምዕራፍ ድረስ እንደተሸወደ አያውቅም። ከዚያ ባለሱቁ አንድ ቀን ሥራ ፈት ሆኖ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አስደግፎ ይመርን ይጠብቀዋል። ዝም ብሎ ይጠብቀዋል። ቃሉ ተንገራግጮ ሲወጣ «ማንጎ ነው የሚለው እኮ!» ይላል። እዚያ ላይ ወደ ኋላ እየገለጡ «ታዲያ ያኔስ ምን ብሎ ነበር?» የሚሉ ልጆች አሉ። መጽሐፉን ለማን እንደጻፍኩ ትዝ የሚለኝ ያኔ ነው።

አያትየው ጠበልም ሸኽ ቤትም ይወስዱታል። ይህን እርስዎ ይደግፋሉ ማለት ነው?

ወሎ ነዋ። አያትየው አርብ ዱዓ አስደርገው እሑድ ጠበል ቢያስረጩት አንድም ጎረቤት አይገርመውም። በዚያ ክፍል ላይ አላሾፍኩም። አሮጊቷ ዳገት እየወጡ የሚንከራተቱት ልጁን ስለሚወዱት ነው፤ ይመርም ጉዞውን ይወደዋል፤ መንዙማ ሲሰማ እግሩ ይፈታል። መስመር ያሰመርኩት ሌላ ቦታ ነው። አንድ ጎረቤት «ጉልበቱን በጋለ ብረት ይተኮስ» ሲሉ እናትየው በሩን ዘግታ ትቆማለች። የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅም ካለ ጸሎቱ ቢቀጥል መድኃኒቱ አይቆምም። ሁለቱን አንድ ላይ ማስኬድ ይቻላል።

የከበደኝ «የማን ኃጢአት ነው?» የሚለው ነበር። እናትየው እርግማን ነው ሲሏት ትሰማለች፤ መልስ አትሰጥም። ዘሐራ ግን የምትለው አላት፣ ለማንም ነግራ ባታውቅም። የ4 ዓመት ልጅ ሳለች፣ እናቷ እርጉዝ ሆና፣ «ይሄ ልጅ አይምጣ» ብላ ሆዷን በክርኗ ገፍታት ነበር። ስለዚህ ያደረግኩት እኔ ነኝ ብላ ሰባት ዓመት ኖራለች። ይህ ከራሴ የመጣ ነው። አርባ ዓመት ሊሞላኝ ጥቂት ሲቀረኝ ለእናቴ ነገርኳት፤ ሳቀች፤ ከዚያ ሳቋ ቆመ። ትንንሽ ልጆች ያሰቡት ነገር ይሆናል ብለው ያምናሉ። ወንድሙ ወይም እህቱ ታሞ የተወለደበት ልጅ ቤታችሁ ካለ ሳይጠይቃችሁ ንገሩት፦ በምንም ምክንያት፣ በሐሳብህም በእጅህም፣ አንተ አላደረግከውም።

ክፍል ውስጥ አካል ጉዳተኛ ተማሪ አለኝ። መጽሐፉን ጮክ ብዬ ላንብብ?

አስቀድመው ልጁን ለብቻው ይጠይቁት፤ «አይሆንም» ካለ አይሆንም። ሁሉም አንገቱን አዙሮ እሱን እያየ የሚነበብ መጽሐፍ ቅጣት ነው። ካነበቡም በኋላ «አንተስ ምን ተሰማህ?» አይበሉት። የሒሳብ መጽሐፍ ሲነበብ እንደዚያ አይጠየቅም።

እግረ መንገድዎን ክፍልዎ ስንተኛ ፎቅ ላይ እንደሆነ ይመልከቱ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንጻ አዋጅ ቁጥር 624 የሕዝብ መገልገያ ሕንጻዎች ለአካል ጉዳተኞች ምቹ እንዲሆኑ አዝዟል። አዋጁ ከመውጣቱ በፊት ግን፣ ወንድሜን ለማስመዝገብ የሄድንበት አንድ ትምህርት ቤት «ክፍሉ ላይ ነው፤ ማን ያወጣዋል?» ብሎ መለሰን። እናቴ ወደ እኔ ጠቆመች። አሥር ዓመቴ ነበር። ክፍሉን ወደ ታች ማውረድ የዚያን ቀን ለማናችንም ትዝ አላለንም።

አንድ ተማሪ ደግሞ አይርሱ፦ ቤቱ ውስጥ እንደ ይመር ያለ ወንድም ኖሮት ለማንም ያልተናገረ ልጅ። ከመጨረሻው ወንበር ሆኖ ቃል ሳይተነፍስ የሚሰማው ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ልጄ መጽሐፉን አንብባ «እኔም ወንድሜን እጠላዋለሁ» አለችኝ። ምን ላድርግ?

አትቆጧት። «ነውር ነው፣ አላህ ይቆጣሻል» ያሏት እንደሆነ መጥላቷን አትተውም፤ መናገሯን ነው የምትተወው። ይልቅ «መቼ መቼ ነው?» ብለው ይጠይቋት። ብዙውን ጊዜ የምትጠላው ወንድሟን ሳይሆን አንድ ነገር ሆኖ ይገኛል፦ የልደት ቀኗ ሆስፒታል ውስጥ ማለፉን፣ ፈተና አንደኛ ወጥታ «ጎበዝ፣ አሁን ወንድምሽን ያዢልኝ» መባሏን።

የእኔ እናት ያልተማረች ሴት ናት፤ ይህን ግን ከማንም ሳትሰማ ታውቀው ነበር። ሰኞ ሰኞ ወንድሜን ለጎረቤት አደራ ትሰጥና እኔን ብቻ ይዛ ሰኞ ገበያ ትወርድ ነበር። ሸንኮራ አገዳ ትገዛልኛለች፤ እሷ በርበሬ እየመረጠች፣ እኔ ሸንኮራዬን እየላጥኩ፣ ባዶ ጀርባዬን ይዤ እንዞራለን። ከአንድ ሰዓት አይበልጥም። ሳምንቱን ሙሉ ያንን ሰዓት እጠብቅ ነበር።

በ2014ቱ ጦርነት ጊዜስ? ለምን አላካተቱትም?

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት 20 ገደማ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ መራመድ የማይችል ሰው ያለበት ቤት ሁሉ አንድ ጥያቄ ተደቅኖበት ነበር፤ ማን ይሸከመዋል፣ ወይስ ሁላችንም እንቅር? አንዳንዱ ቤተሰብ ሸሸ፣ አንዳንዱ ቀረ፣ አንዳንዱ ተከፈለ። እኛ ቀረን።

መጽሐፉ ውስጥ ያልገባበት ምክንያት ቀላል ነው። ጦርነቱ ከገባ ዘሐራ ጀግና ትሆናለች፤ ወንድሟን አዝላ ተራራ ታቋርጣለች፤ አንባቢ ያጨበጭባል። እኔ የፈለግኩት ማክሰኞ ቀን፣ ማንም ሳያጨበጭብ፣ ለዳቦ መውረዷን ነው። ስለዚያ ጊዜ መጻፍ ያለበት መጽሐፍ አለ፤ ይህ ግን እሱ አይደለም።

ዘሐራ ወንድሟን ጥላው የምትሄድበት ምዕራፍ ለልጆች አይከብድም?

ይከብዳል። ዘጠነኛው ምዕራፍ ነው። ይመር «ልደበቅ» ብሎ ሲያስቸግራት ዘሐራ ከእንጨት ማስቀመጫው ጀርባ ታስቀምጠውና ማዳበሪያ ታለብሰዋለች። ከዚያ ሌሎቹ ልጆች ሆጤ ሜዳ ኳስ አለ ብለው ቁልቁል ይሮጣሉ። እሷም ትከተላቸዋለች። «አሁን እመለሳለሁ» ትላለች ለራሷ። ጀርባዋ ቀላል ነው፤ ነፋሱ በሹራቧ ውስጥ ያልፋል፤ ግራ ትከሻዋ ደርቋል። ዝናቡ ሲወርድ ነው ትዝ የሚላት። ደርሳ ማዳበሪያውን ስታነሳ ይመር ረጥቦ፣ ጥርሱ እየተንገጫገጨ፣ ይስቃል። «አላገኛችሁኝም» ይላታል። «በሁሉም ቦታ ፈልገንህ አጣንህ» ትለዋለች።

ወላጆች «ለምን አልተቀጣችም?» ይሉኛል። የልጆቹ ጥያቄ ሌላ ነው፤ «ለምን ዋሸችው?» ይላሉ። አንድ ልጅ ብቻ፣ የማስታውሰው ፊቱን ነው፣ ልጆቹ ሲወጡ ቆየና «እኔም አድርጌዋለሁ» አለኝ። ዘሐራ አዋቂዎች ቢቀጧት ኖሮ ያ ልጅ አፉን አይከፍትልኝም ነበር። ወንድምን መውደድ ማለት ጥሎ መሄድ ፈጽሞ አለመመኘት ነው ብለን ካስተማርናቸው፣ የተመኙት ሁሉ እንደማይወዱ ይቆጥሩታል።

ለምን መጨረሻ ላይ አይድንም?

መጨረሻውን መስማት የማይፈልግ ይህን ይዝለለው። ልጆች ተረት ሲያልቅ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ማለትን ለምደዋል፤ ዳቦውን ሲጠብቁ ይመር ተነሥቶ የሚሄድ ይመስላቸዋል። ሴሬብራል ፓልሲ የሚድን ነገር አይደለም። እግሩን መዘርጋት፣ አቀማመጡን ማስተካከል፣ ለንግግሩ ጊዜ መስጠት ኑሮውን ያቀልለታል፤ ያደረሰውን ጉዳት ግን የሚሽር መድኃኒት የለም። በመጨረሻው ገጽ ቢያስነሱት ቤቱ የማይነሣ ወንድም ያለው ልጅ «የእኛ ቤት ምን አጥፍቶ ነው?» ይላል።

በምትኩ ዘሐራ እውነቱን ትነግረዋለች። መስከረም ላይ፣ አደይ አበባ በወጣበት ሰሞን፣ የዚያን ቀን እንዳልፈለጉት ትናዘዛለች። ይመር ያውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ምዕራፍ ጀምሮ ሰውን ሁሉ በኮቴው የሚለይ ልጅ ነው። ከማዳበሪያው ሥር ሆኖ ስምንት ልጆች ቁልቁል ሲሮጡ ቆጥሯል፤ ስምንተኛዋ እሷ ነበረች። «ታዲያ ለምን ሳቅክ?» ትለዋለች። የሚመልስላትን በእሱ አነጋገር፣ ሳላስተረጉም፣ እንደሚሰማ አድርጌ ነው የጻፍኩት። ቀስ ብሎ ያነበበው ያገኘዋል።

እናትና አባታቸው ሲያልፉ ይመርን ማን ይይዘዋል?

ይህን ከወላጆች ይልቅ የሚጠይቁኝ ልጆች ናቸው፤ ብዙዎቹም ታላቅ እህቶች። ዘሐራም እናቷን ትጠይቃታለች፤ እናትየው ምስር እየለቀመች ነው፤ ዝም ብላ መልቀሟን ትቀጥላለች። አንዲት አንባቢ «መልሱን የረሱት መስሎኝ ነበር» አለችኝ። አልረሳሁትም፤ እናቴም ስጠይቃት ምስሯን እየለቀመች ዝም ነበር ያለችኝ።

ለወላጆች የምለው አለኝ። ዝም ያላችሁት ነገር ለልጃችሁ ቃል ኪዳን ይሆንባታል። ሳትነግሯት «እኔ ነኝ የምቀረው» ብላ ትወስናለች፤ ትምህርቷንም፣ ትዳሯንም በዚያ ትለካለች። ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩበት፤ አጎትም አክስትም ጎረቤትም ባለበት፤ ልጁም ባለበት። ምን እንደሚበላ፣ ሲያመው ምን እንደሚደረግለት፣ ማንን እንደሚወድ ጻፉት። ጉዳዩ የአንዲት ሴት ልጅ ጀርባ ብቻ ተደርጎ አይተውባት።

ወንድሜ አሁን አስፋልቱ ዳር ትንሽ ሱቅ አለው፤ የሞባይል ካርድና ብስኩት ይሸጣል፤ ደንበኞቹ መጠበቅን ለምደዋል። ሦስት ቤት አልፌ እኖራለሁ። ይህን ጥያቄ ሳነብለት ብዙ ሳቀና «አንቺንስ ማን ይይዝሻል?» አለኝ። መስመሩን ለይመር ሰጠሁት፤ አሥራ አራተኛው ምዕራፍ ላይ ነው።